አማትና ምራት በዘጠና ኪሎ ሜትር መንገድ ላይ

ልብስ ሰፊዋ ሃምሳውን አልፋለች። ቤቷና ሱቋ በከተማው ሁለት ጫፍ ስለሆኑ፣ ዕድሜዋን ሙሉ የተመላለሰችው በብስክሌት ነው፤ የጨርቅ ጥቅሏን ከኋላ አስራ፣ መርፌዋን ደረቷ ላይ ሰክታ። ማርሽ የሌላት ከባድ ብስክሌት ናት፤ ካቴናዋ ሲጢጥ ሲል ሰፈርተኛው መምጣቷን ከሩቅ ያውቃል።

ምራቷ ባንክ ቤት ትሠራለች። ጨዋ ናት፤ ችግሩ ጨዋነቷ በዛ። የልብስ ሰፊዋን ልጅ ካገባች አራት ዓመት ቢሞላትም አሁንም "ይቀመጡ፣ ይብሉ፣ አይድከሙ" ነው። ልብስ ሰፊዋ እነሱ ቤት በሄደች ቁጥር፣ ሐኪም ቤት ወረፋ የያዘች ይመስላታል።

በከተማው ለመጀመሪያ ጊዜ ረጅም የብስክሌት ጉዞ ሲዘጋጅ ባልና ሚስቱ ተመዘገቡ። ጥንድ ጥንድ ሆነው የሚሄዱት ጉዞ ነው፤ አንዱ ካቋረጠ የሌላውም አይቆጠርም። ቀኑ ሲቃረብ ባልየው ኳስ ሲጫወት እግሩ ወለም አለው።

"በቃ፣ ይቅር" አለች ምራቷ፣ ዓይኗ እንባ አቅርሮ።

"ለምን ሲባል? እኔ አለሁ አይደል!" አለች ልብስ ሰፊዋ።

ልጇን ሳቅ አመለጠው። "እማዬ፣ ይሄ እኮ ሱቅ ደርሶ መምጣት አይደለም።"

"አንተ ዝም በል፣ ባለ አንድ እግር!"

መነሻው ላይ ሰዉ ሁሉ የሚያብረቀርቅ ቁምጣ ለብሷል። እሷ ከመጋረጃ ትራፊ የሰፋችውን ብርቱካንማ ሱሪ ታጥቃ ቆማለች። አስተባባሪው ጠጋ ብሎ "እማማ፣ ተመልካች በዚያ በኩል ነው" አላት።

ደረቷ ላይ የተለጠፈውን ቁጥር እያሳየች፣ "ታዲያ ይሄ ለጌጥ መሰለህ?" አለችው።

እስከ መንገዱ እኩሌታ ድረስ ምራቷ በአዲሷ ብስክሌት እየተፈተለከች፣ እየቆመች ትጠብቃት ነበር። "ደከሙ? ውሃ ልስጥዎት?" ትላታለች። ከዚያ በኋላ ግን ዳገቱ መጣ፤ ነፋሱም ፊት ለፊት ገጠማቸው። ልብስ ሰፊዋ ረጅም ጠርዝ እንደምትሰፋ ሁሉ፣ ሳትቸኩልም ሳትቆምም ፔዳሏን እየረገጠች ምራቷን አልፋት ሄደች። ወዲያው ከኋላዋ ጩኸት ሰማች።

"አንቺ ሴትዮ! ቆይኝ እንጂ! ልትገድይኝ ነው እንዴ?"

ልብስ ሰፊዋ ፍሬን ያዘች። ዞር ስትል ምራቷ በድንጋጤ አፏን በእጇ ይዛለች። "ይቅርታ ያድርጉልኝ... አምልጦኝ ነው..."

ልብስ ሰፊዋ መሪዋ ላይ ተደፍታ እስኪያማት ሳቀች። "አንቺ! አራት ዓመት ሙሉ ይቺን ልጅ የት ደብቀሻት ነበር? በይ፣ ከኋላዬ ተለጠፊ። ነፋሱን ለእኔ ተይው።"

ዳገቱን እየተሰዳደቡና እየተሳሳቁ ጨረሱት። ቁልቁለቱ ላይ ምራቷ እንደ ሕፃን እልል እያለች ወረደች። መጨረሻው ሲታይ ሁለት ጡንቸኛ ጎረምሶች ከፊታቸው ያዘግማሉ።

"አየሻቸው?" አለች ምራቷ።

"አየኋቸው።"

ሁለቱም ከመቀመጫቸው ተነሥተው ረገጡት። ጎረምሶቹ ሲጢጥታውን ሰምተው ሲዞሩ፣ ብርቱካንማው ሱሪ አጠገባቸው ሽው ብሎ አለፈ። ሕዝቡ በጭብጨባ አበደ፤ ልጇም እግሩን ረስቶ ዘለለና "ወይኔ!" ብሎ ቁጭ አለ።

ሜዳሊያውን አንገታቸው ላይ አጥልቀው ሣሩ ላይ ተዘረሩ። የልብስ ሰፊዋ ደስታ ደረቷን ሞልቶ ተርፏል። ልጇ እያነከሰ መጥቶ "እንሂድ እንጂ፣ ሰዉ እኮ ሄዶ አለቀ" አላቸው።

"አንተ ቅደም" አለችው ሚስቱ፣ ራሷን አማቷ ትከሻ ላይ ጣል አድርጋ። "እኛ ገና እያወራን ነው።"