ሞላው መሃል የተጠቀጠቀው ጎማ

ዛሬ ጠዋት ከጋራዥ ወጥቼ ልደታ ጋ ስታጠፍ መኪናዬ እንደ ኳስ ነጥራ ከመስመሯ ወጣች። እግዚአብሔር ነው ያወጣኝ።

ለከተማም ለውድድርም እንድትሆን ንጥረቱን የሚውጠውን ሞላ በአዲስ ቀይሬ፣ ዝቅ አድርጌ፣ ወራት የለፋሁባት ስፖርት መኪናዬ ናት። ውድድሩ ደግሞ ነገ ነው።

ወርጄ አጎንብሼ ሳይ፣ በየሞላው መሃል የጎማ ቁራጭ ተጠቅጥቋል። ቀፈፈኝ!

ጠመንጃ ያዥ ሰፈር ወዳለው ጋራዥ ተመለስኩ። መካኒኩን ጋሽ ታደሰን የፍሬን ሸራ ብቻ ነበር ይቀይሩልኝ ያልኳቸው።

«ጋሽ ታደሰ፣ ይሄ ምንድነው?»

«ዝቅ ብላ አሳዘነችኝ፤ ከፍ አደረግኩልሽ። ሰው እኮ ለምኖ ነው የሚያሠራው፣ ልጄ።»

እውነታቸውን ነው፤ እዚህ አገር ዝቅ ያለች መኪና የታመመች ነው የምትመስለው። ግን ሞላው መተጣጠፍ ካልቻለ መኪናዋ መንገድ አትይዝም! ይህን ሳስረዳ እሳቸው እጃቸውን በጨርቅ ይጠርጋሉ።

«አሁኑኑ ያውጡልኝ» አልኩ። እያጉረመረሙ አወጡት።

«ለመሆኑ ይሄን ቆሻሻ ጎማ ከየት አመጡት?»

የኋላውን ኮፈን ከፍተው አሳዩኝ። መጠባበቂያው ስኮርታ ጎማዬ የለም።

«የራስሽ ነው፤ የሰው ዕቃ አላስገባሁብሽም» አሉኝ፣ ኮራ ብለው።

ኤጭ! እናንተስ ሳትጠይቁ ምን «ተሻሻለላችሁ»? ጻፉልኝ፣ ብቻዬን አልቃጠል።