የኮምፒውተሩ ልብስ

ልጄ ከሥራ ስትመለስ ከፀጉሯ ላይ ክር እለቅምላት ነበር። ነጭ ጨርቅ ሲሰፋ ከዋለ ነጭ ክር፣ ሰማያዊ ከሆነ ሰማያዊ። ኢንዱስትሪ ፓርኩ ውስጥ ካሉት የልብስ ፋብሪካዎች በአንዱ፣ በስፌት መስመር ላይ ነበር የምትሠራው። የእሷ ድርሻ እጅጌ ማያያዝ ነው። ቀኑን ሙሉ እጅጌ። አንገቱም ኪሱም በሌላ ሰው እጅ ያልፋል።

እኔም ልብስ ሰፊ ነኝ። ቤቴ ውስጥ በእግር በሚዘወር የስፌት መኪና ዩኒፎርም፣ መጋረጃ፣ የተገኘውን ሁሉ እሰፋለሁ። ስለዚህ እጅጌ ብቻ መስፋት ምን ያህል እንደሚሰለች ይገባኛል። ልጄ ግን አማርራ አታውቅም። እኔም ስለ እንጀራዋ ፈጣሪን አመሰግን ነበር።

ዓይኗ ያረፈው የንድፍ ክፍሉ ላይ ነው። ጨርቁ ከመቆረጡ በፊት የልብሱ ቅርጽ በኮምፒውተር የሚሳለው እዚያ ነው። ቦታ ሲገኝ ከስፌት መስመር ሠራተኞችም ይወስዳሉ፤ ግን እምብዛም አይገኝም። ባለፈው ዓመት ተገኘ። የሚፈልግ ሰው የአንድ የሕፃን ጃኬት ሙሉ ንድፍ ሠርቶ ሰኞ ጠዋት በፍላሽ ይዞ ይምጣ ተባለ።

ኮምፒውተር ቤታችን አለ። አንድ ማሠልጠኛ ሲዘጋ የገዛነው ነው፤ ከጠረጴዛው የማይነቃነቅ፣ ትልቅ ሳጥን ያለው። ልጄ ንድፉን በእሱ ላይ ስትሠራ ሰነበተች። እጅጌውን ስትከፍት ይከፈታል። ኪሱን ስትከፍት ይከፈታል። ጃኬቱን በሙሉ ስትከፍት ግን ቀጥ ይላል።

«እማዬ፣ ግራፊክስ ካርድ ካልገባለት አይችልም» አለችኝ።

«ምንድን ነው እሱ?»

«ሥዕሉን የሚሸከምለት ዕቃ ነው። አሁን ብቻውን ነው የሚሸከመው።»

ይህ ገባኝ።

ወደ ካርዱ ከመሄዴ በፊት ስለ ልብሱ መናገር አለብኝ። የሰፈራችን መንገድ ከተቆፈረ ቆይቷል። የአዳማ ነፋስ ደግሞ ያው ነው። ጠዋት የወለወልኩት ጠረጴዛ ላይ ከሰዓት በጣት መጻፍ ይቻላል። ኮምፒውተሩ ቤት በገባ ሰሞን ለሳጥኑ ልብስ ሰፋሁለት። ከላይ እስከ ታች ልክክ የሚል ነው። እንዲተነፍስ ብዬ በጎንና በጎኑ ወንፊት ጨርቅ አስገባሁበት። ከኋላ ለእያንዳንዱ ገመድ መውጫ የቁልፍ ቤት ሠራሁለት፤ እንደ ኮት ቁልፍ ቤት፣ ጠርዙን በክር አጠንክሬ። ከላይ መስቀል ጠለፍኩበት። ሕጌ አንድ ነበር፤ ልብሱን ሳይለብስ አይበራም።

ባለቤቴ «ከእኔ የተሻለ የሚለብሰው እሱ ነው» ይላል።

ቅዳሜ ልጄ ከሥራ በጊዜ ወጣች። ሳጥኑን ይዛ ገበያው አጠገብ ወዳለው የኮምፒውተር ጠጋኝ ሄደች። ጠጋኙ የወሎ ልጅ ነው፤ ረጋ ያለ፣ የሰው ዕቃ እንደራሱ ዕቃ የሚይዝ። ካርዱን አስገባላት፣ ሞከረላት፣ ደስ ብሏት ተመለሰች። ልብሱን አለበሰችው። ሳጥኑን ወደ ቦታው መልሳ፣ እጇን ከኋላ ሰዳ ገመዶቹን በየቁልፍ ቤታቸው አስገባች። አበራችው።

መብራቷ በራች። ውስጡ ያለው ማራገቢያ ዞረ። ስክሪኑ ግን ጥቁር ነው። «ሲግናል የለም» የሚል ትንሽ ጽሑፍ ከወዲያ ወዲህ ይንሳፈፋል።

አጠፋች፣ አበራች። ያው።

ባለቤቴ መጥቶ ቆመ። ዕድሜውን ሙሉ በአዳማና በዝዋይ መሀል አውቶቡስ ሲነዳ የኖረ ሰው ነው። ጡረታ ከወጣ ወዲህ የማንኛውም ዕቃ ሕመም ለእሱ የመኪና ሕመም ነው።

«ባትሪው ወድቋል» አለ።

«አባዬ፣ በመብራት እኮ ነው የሚሠራው።»

«እንግዲያው ገፍተን እናስነሳው።»

ልጄ አልሳቀችም። ምናልባት ስክሪኑ ይሆናል አለችና ወደ ቴሌቪዥኑ ዞረች። በቴሌቪዥኑ ኳስ እየታየ ነበር።

«ሊያልቅ ነው» አለ ባለቤቴ።

«ሰኞ እኮ ነው የምታስረክበው» አልኩት።

ተነሥቶ ገመዱን ራሱ ነቀለ። ቴሌቪዥኑን ተሸክመው አመጡና በዚያው በስክሪኑ ገመድ ከሳጥኑ ጋር አገናኙት። ቴሌቪዥኑም ጠቆረ። ያው ጽሑፍ መጣ።

«ቢያንስ ስንት ለስንት እንደሆኑ ይንገረን» አለ ባለቤቴ።

ልጄ ለጠጋኙ ደወለች። ስልኩን ጮክ አድርጋ ስለነበር እኔም እሰማለሁ። ገመዱ ጠብቆ ገብቷል ወይ ብሎ ጠየቃት። ገብቷል አለችው። እውነቷን ነው፤ ጠብቆ ገብቷል። ራሙን አውጥተሽ በላጲስ ጥረጊው አላት። ገመዶቹን ነቅላ፣ ልብሱን አውልቃ፣ ጎኑን ከፈተች። ራም የሚሏትን ቀጭን ሰሌዳ አውጥታ የወርቅ ጥርሶቿን በላጲስ ጠረገቻት። መለሰቻት። አለበሰችው። ገመዶቹን ሰካች። ያው።

«እማዬ» አለች ቀስ ብላ፣ «ጠዋት ጸበል ስትረጪ እዚህ ጋ ረጭተሻል?»

«በሩ ላይ ብቻ ነው የረጨሁት።»

«እርግጠኛ ነሽ?»

«ጸበል ይፈውሳል እንጂ አይገድልም።»

ባለቤቴ አፉን በእጁ ሸፈነ።

ጠጋኙ መልሳችሁ አምጡት አለን። በዚህ ጊዜ አብሬያት ሄድኩ። አቧራ እንዳይገባበት ሳጥኑን በነጠላ ጠቅልዬ ታቅፌው ባጃጅ ውስጥ ገባን። ባለ ባጃጁ በመስታወቱ አየን። የኦሮሞ ልጅ ነው።

«አዮ» አለኝ፣ እናቴ ማለቱ ነው፣ «ታሞ ነው?»

«አዎ፤ አልነሳ ብሎናል» አልኩት። ሐሳቤ ሌላ ቦታ ስለነበር ምን እንደጠየቀኝ እንኳን ልብ አላልኩም።

ጉድጓዱን ሁሉ እየዞረ፣ እንደ እንቁላል ይዞ ነዳን። ስንወርድ ነጠላው ተንሸራቶ የሳጥኑ ጥግ ታየ። አየው። እኔንም አየኝ።

«እኔ እኮ ልጅ መስሎኝ በጸሎት ነው የመጣሁት» አለ።

«ጸሎትህ አይጠፋም» አልኩት። እየሳቀ ሄደ።

ጠጋኙ ሳጥኑን ጠረጴዛው ላይ አቁሞ የራሱን ገመድ ሰካ። አበራው። ስክሪኑ ወዲያው በራ። ልጄ ንድፏን ፈልጋ ከፈተች። ጃኬቱ በሙሉ መጣ። እጅጌው፣ ኮፍያው፣ ኪሱ። አዞረችው። ሳይደናቀፍ ዞረ። ሙሉውን ሳየው ያኔ የመጀመሪያዬ ነው። ትንሽ ነገር ነው፤ ግን ሰው የሚለብሰው ልብስ ነው።

«ይኸው እናቴ፣ ምንም የለበትም» አለኝ ጠጋኙ። «አብሽሩ።»

ቤት ወሰድነው። አለበስነው። ሰካነው። ጥቁር።

ሐኪም ፊት ሲደርስ እንደሚሻለው ሕመምተኛ ሆነብን። ባለቤቴ ከወጥ ቤት ሌላ ዲቫይደር አምጥቶ የመብራት መሰኪያውን ቀየረ። ጠረጴዛውን አንቀሳቀሰ። ሳጥኑን በእጁ መታ መታ አደረገው፤ መኪናውን እንደዚያ ያደርግ ነበር። ልጄ ወንበሩ ላይ ተቀመጠች። በኢንተርኔት ቤት እንዳይሆን፣ የንድፉ ፕሮግራም እዚያ የለም። በጠጋኙ ሱቅ እንዳይሆን፣ ያለችው ጠረጴዛ አንዲት ናት፤ ሰው ተሰልፏል። የቀራት ሥራ ደግሞ የብዙ ሰዓት ነው።

«ሰኞ ወደ እጅጌዬ እመለሳለሁ» አለች።

ሳህኑን ወደ እሷ አስጠጋሁ። «ብዪ፣ ምግብሽን ብዪ» አልኳት።

ስንደውልለት ጠጋኙ እሑድ ሱቁን ከመክፈቱ በፊት ቤታችን እንደሚመጣ ነገረን። እኔ ጠዋት ቅዳሴ ሄድኩ። ስለ ኮምፒውተር መጸለይ አፈርኩ። ስለዚህ ስለ ልጄ ጸለይኩ። ተመልሼ ሽሮ ሠራሁ፤ እሱ ሙስሊም ነው፣ እኛ ያረድነውን ሥጋ አይበላም። ፓፓያም ቆረጥኩ።

መጣ። ጫማውን በር ላይ አወለቀ። እጁን ታጥቦ ሳይበላ መጀመሪያ ልየው አለ። ከጠረጴዛው ጀርባ፣ ከግድግዳው ጋር ባለችው ጠባብ ቦታ ተንበርክኮ እጁን ሰደደ። ገመዱን ነቀለና በቁልፍ ቤቱ በኩል መልሶ ሰካው።

«በደንብ ነው የገባው» አለ።

አበራ። ጥቁር። የራሱን ገመድ ከቦርሳው አወጣ፣ በዚያችው የቁልፍ ቤት አስገባው። ጥቁር። ቁጢጥ አለ። ከዚያ ልብሱን ከላይ እስከ ታች አየው።

«እናቴ፣ ሱቅ ሲመጣ ይህን ለብሶ ነበር?»

«አይ፤ በነጠላ ጠቅልዬ ነው ያመጣሁት።»

«የመጀመሪያው ቀንስ?»

«ያኔም አልለበሰም» አለች ልጄ።

«ሱቅ ራቁቱን ይሠራል፤ ቤት ለብሶ አይሠራም።» ፈገግ አለ። «እንግዲህ ልዩነቱ ይኼው ልብስ ነው።»

ትንሽ ከፋኝ። ጨርቅ ነው፣ ምን ያደርገዋል ልለው ነበር። እሱ ግን ቀጠለ፤ «ላወልቀው አስቤ ነበር። መስቀል አለበት። የት እንደማስቀምጠው ሳላውቅ ልነካው አልፈለግሁም። እርስዎ ያውልቁት።»

ቅር ያለኝ ነገር ጠፋ። ቀርቤ በሁለት እጄ አወለቅሁት። መስቀሉን ስሜ ትከሻዬ ላይ አደረግሁት። ልጄ የሳጥኑን ጀርባ ወደ መስኮቱ ብርሃን አዞረችው።

ሁላችንም አየን። ከላይ አንድ የስክሪን መሰኪያ አለ፤ ገመዱ ጠብቆ የገባው እዚያ ነው። ዝቅ ብሎ ደግሞ አዲሱ ካርድ ገብቷል። ሦስት ባዶ መሰኪያዎች ተደርድረው ይጠብቃሉ። ልብሱ ሸፍኗቸው ኖሯል።

መጀመሪያ የሳቀችው ልጄ ናት። ከቅዳሜ ወዲህ ስትስቅ ያኔ ሰማኋት። ወንበሩ ላይ ተደግፋ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች።

ጠጋኙ ለእኔና ለባለቤቴ አስረዳን። አዲሱ ካርድ ከገባ በኋላ ሥዕሉ የሚወጣው በካርዱ በር ነው። የድሮው በር ይዘጋል። ሱቅ ውስጥ እሱ የሚሰካው በታችኛው ነበር። ቤት ሲመጣ ግን ልብሱ ላይ ለስክሪኑ ገመድ ያለው ቀዳዳ አንድ ነው፤ እኔ በድሮው በር ልክ የሠራሁት። የልጄ እጅ የለመደውን መንገድ ይዞ ይሄዳል።

«የእሷስ ይሁን» አለ ባለቤቴ። «አንተ አሁን በየት በኩል ነው የሰካኸው?»

ጠጋኙ አንገቱን ደፋ። «እናቴ በሠሩት የቁልፍ ቤት ነው፣ አባቴ። እንዲህ አምሮ ተሠርቶ ሳየው ሌላ መኖሩን አልጠረጠርኩም።»

«መኪናው ደህና ነው፤ መንገዱን ነው የሳትነው» አለ ባለቤቴ። ይህን አባባሉን ስለወደደው በዚያ ሳምንት ለመጣ እንግዳ ሁሉ ደገመው።

እኔ ልብሱን በእጄ ዳሰስኩ። ስፌቱ አልተሳሳተም፤ ልኩ ነው ያለፈበት። የደንበኛ ሰውነት ሲለወጥ ሜትሬን ይዤ እንደገና እለካለሁ። ይህ ደንበኛ ግን አይናገርም፤ እኔም አልጠየቅሁትም።

ልጄ ገመዱን ወደ ታችኛው መሰኪያ አዛወረችው። ስክሪኑ በራ።

«ተመስገን» አልኩ።

«አልሐምዱሊላህ» አለ ጠጋኙ፣ እኩል።

ሽሮውን በላ፤ ፓፓያውን ጨረሰ። ሲወጣ ልጄ አላየችውም፤ ጃኬቱ ውስጥ ገብታለች። ሳጥኑ ቀኑን ሙሉ ራቁቱን ሲሠራ ዋለ፤ ሕጌን ለዚያ ቀን አነሣሁት። መስኮቱን ዘጋሁና እርጥብ ጨርቅ ይዤ አቧራውን ከጠረጴዛው ላይ ስጠብቅ ዋልኩ። ፀሐይ ሳትጠልቅ «አለቀ» አለችኝ። ጠርታ አሳየችኝ። እጅጌውን አየሁት። ብብቱ ላይ የተወችው ቦታ ሰፋ ያለ ነው፤ ልጅ እጁን አንሥቶ ሲጫወት እንዳይይዘው። ይህን ማንም አላስተማራትም፤ ስንት ጠባብ እጅጌ አያይዛ ነው ያወቀችው።

ሰኞ ጠዋት ፍላሿን በክር አሥራ ከማተቧ ጋር አንገቷ ላይ አደረገቻት። ሰርቪሱ ሲመጣ እኔ በር ላይ ቆሜ ነበር።  እሷም እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ፍላሿ መኖሯን አሳየችኝና ወጣች።

መልሱ ቆየ። በየቀኑ ልጠይቃት እያልኩ ተውኩት። አንድ ቀን ተመልሳ ጫማዋን ሳታወልቅ በሩ ላይ ቆመች። «እማዬ፣ ከሰኞ ጀምሮ ንድፍ ክፍል ነኝ» አለች። ባለቤቴ ቴሌቪዥኑን ራሱ አጠፋ፤ ያውም ኳስ እያለ።

የኮምፒውተሩን ልብስ አስተካክዬዋለሁ። የድሮውን የቁልፍ ቤት በጥልፍ ዘጋሁት፤ ዝቅ አድርጌ አዲስ ሠራሁ። ሰፋ አድርጌ ነው የተውኩት። ነገ ደግሞ ምን እንደሚያስገቡበት አላውቅም። ጠጋኙ በቅርቡ ባለፈ ጊዜ ልብሱን በሩቁ አይቶ «አሁን ዕውቀት ገብቶበታል» አለ።

ልጄ አሁንም በዚያው ሰዓት ትመለሳለች። አጠገቤ ስትቀመጥ እጄ ወደ ፀጉሯ ይሄዳል። ክር የለም። እሷም ታውቃለች፤ ግን ጭንቅላቷን ዝቅ ታደርግልኛለች። ተመስገን።