«አልተገኘም» የተባለው አጥንት

ታላቅ እህቴ፣ እኔ ትኬት በምሸጥበት ሙዚየም ምድር ቤት ውስጥ፣ ከድንጋይ አጥንት ታወጣ ነበር። ሥራዋን ለሰው ሳስረዳ አፌ ይተሳሰራል። እሷ ግን «ድንጋይ እልጣለሁ» ብላ ትገላገላለች።

መሣሪያዋ በአየር ግፊት የምትንቀጠቀጥ፣ ከእርሳስ ብዙም የማትወፍር መርፌ ናት። ጩኸቷ የጥርስ ሐኪም ቤት ያስናፍቃል። ሌሎቹ ሠራተኞች ጆሯቸውን በመከላከያ ደፍነው ነው የሚሠሩት፤ እትዬ ግን አሻፈረኝ አለች። መርፌዋ ድንጋይ ላይ ስትሆን ድምፅዋ ደረቅ ነው፣ አጥንት ስትነካ ይቀጥናል። እትዬ እጇን የምትመልሰው ያቺን ቅጥነት ሰምታ ነው። ስለዚህም ስሟ ተረስቶ «ጆሮ» ተብላ ቀረች። አፍ አውጥታ ባትናገርም፣ እንዲያ ስትባል ደስ ይላት ነበር።

አንድ ቤት ስለምንኖር፣ ጆሮዋ መድከሙን ቀድሜ ያወቅሁት እኔ ነኝ። ሬዲዮዋ ግድግዳ ያነቃንቃል። ሰው ሲስቅ አብራ ትስቃለች፣ ትንሽ ዘግየት ብላ። ሐኪም ጋ እንሂድ ብላት ብላት ግግም አለች።

«ሐኪሙ ምን ሊለኝ? ሥራ አቁሚ ነው የሚለኝ። ከዚያስ? ካንቺ ጋር ትኬት ልቁረጥ?»

«ብትቆርጪስ? ነውር ነው እንዴ?»

«ዘመዱን ሳላወጣ ንቅንቅ አልልም።»

ዘመዱ የምትለው፣ አጥቢ እንስሳት ገና ሳይኖሩ የኖረ፣ ውሻ የሚያህል፣ እንሽላሊትም አጥቢም ያልሆነ ፍጡር ነው። ከሱ የተረፈው ቁርጥራጭ ብቻ ነው፦ ግማሽ የጭን አጥንት፣ የተሰበረ መንጋጋ፣ ሁለት ጥርስ። ሁሉም እኛ ሙዚየም አንድ መሳቢያ ውስጥ ይገባል። የሙዚየሙ ተመራማሪ፣ ዶክተሩ፣ ከዚያው ቦታ አንድ ቀይ ድንጋይ አስመጥቶ እትዬ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠው። ውስጡ የመንጋጋው ኋለኛ ክፍል አለ። ዶክተሩን እንቅልፍ የነሳችው ግን ከመንጋጋው ጫፍ ያለች የሩዝ ፍሬ የምታህል አጥንት ነበረች። መኖሯን በራጅ አይተዋል፣ መልኳን ግን ማንም አያውቅም። እንዲህ ያሉ አጥንቶች ከስንትና ስንት ዘመን በኋላ ከመንጋጋ ተለይተው፣ እኛ ጆሮ ውስጥ ገብተው፣ ድምፅ የሚያደርሱልን ሆነዋል አለኝ ዶክተሩ። ሳላስበው ጆሮዬን ነካ አደረግሁ። እትዬ ዘመድ የምትለው ለዚህ ነበር።

ድንጋዩ ወራት ፈጀባት። ምሳዋን እንኳ የማወርድላት እኔ ነበርኩ። «የሞተ ዘመድ እንዲህ ይንከባከቡታል፣ እኔን ቁሜ የምሄደውን ደህና አደርሽ የሚለኝ የለም» ስላት ከንፈሬን አይታ ትስቅ ነበር።

ያን ቀን ምሳ ይዤ ስወርድ መርፌዋ ትጮኻለች። በሩ ላይ ቆምኩ። ስመላለስ ኖሬ ያቺን ቅጥነት እኔም ለይቻት ኖሯል። ድምፁ ቀጥኗል። እትዬ እጇን አልመለሰችም።

«እትዬ!» አልኩ። ደግሜ ጮህኩ። ጀርባዋን እንደሰጠችኝ ትገፋለች። ሮጬ ትከሻዋን ስይዛት ነው መርፌዋን ያነሣችው። ጠረጴዛው ላይ፣ በቀዩ የድንጋይ ብናኝ መሐል፣ ጥፍር የማይሞላ ነጭ ዱቄት ነበረ።

ዱቄቱን አየች፣ እኔን አየች።

«ጠርተሽኝ ነበር?»

ራሴን በአዎንታ ነቀነቅሁ።

ለዶክተሩ ራሷ ሄዳ ነገረችው። ደግ ሰው ነው፣ አልተቆጣም። ፊቱን ግን በእጁ ሸፈነ። መንጋጋው ለሕዝብ ሲቀርብ የዚያች አጥንት ቦታ ባዶ ቀረ፤ ከሥሩም «ይህ ክፍል አልተገኘም» የሚል ጽሑፍ ተለጠፈ። ዶክተሩ የእትዬ ስም በክፉ እንዳይነሣ ብሎ ነው። እኔ በልቤ መረቅሁት። እትዬ ግን ስታነበው ፊቷ አመድ መሰለ።

«ውሸት ነው!» አለች። መስማት ካቆመች ወዲህ ድምፅዋን አትመጥንም፣ ጎብኚዎች ሁሉ ዞሩ። «ተገኝታለች። ያገኘኋት እኔ ነኝ። አግኝቼ ፈጨኋት። እንዲያ ብላችሁ ጻፉ!»

«ለእርስዎ ብዬ እኮ ነው» አለ ዶክተሩ ቀስ ብሎ። አልሰማችውም። ልደግምላት አፌን ከፈትኩና፣ ፊቷን ሳይ ተውኩት።

አሁን ትኬት መስኮቱ ጋ አብራኝ ትቀመጣለች። እኔ እሸጣለሁ፣ እሷ ትቀድዳለች። ጠዋት ጠዋት በሩ ሳይከፈት መንጋጋው የተቀመጠበት መስታወት ጋ ሄዳ ጽሑፉን ታያለች። ስትመለስ ወንበሯን ስባ ትቀመጥና፣ አዳራሹ እስኪያስተጋባ ጮክ ብላ ትነግረኛለች፦

«ዛሬም አልተገኘችም።»