ተቃዋሚ ያጣ ግጥሚያ

በሐይቅ ከተማ፣ ከዋናው አስፋልት ጀርባ፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሬስሊንግ የሚታይበት አንድ ቪዲዮ ቤት ነበር። ግድግዳውም ጣራውም ቆርቆሮ ነው። መቀመጫው በባሕር ዛፍ ጉማጅ ላይ የተቸነከረ ሳንቃ ነው። ከፊት ለፊት ባለቤቷ ከባቲ ገበያ ያመጣችው ትልቅ ቴሌቪዥን ተሰቅሏል። ባለቤቷ ዕድሜዋ ወደ ሃምሳ የሚጠጋ፣ ባሏ የሞተባት ሴት ናት። በዕድሜ የሚበልጧትም ሳይቀሩ «እትዬ» ነው የሚሏት።

እኔ ያን ጊዜ ደሴ ተቀምጬ አዲስ አበባ ለሚታተም ጋዜጣ ዜና እልክ ነበር። ቅዳሜ ጠዋት እናቴን ልጠይቅ ሐይቅ እወርድና ከምሳ በኋላ ወደ ቪዲዮ ቤቱ ጎራ እላለሁ። ሬስሊንግ አልወድም። የምሄደው ክርክሩን ለመስማት ነበር።

እትዬ በአንድ ሃርድ ዲስክ ላይ የተጫኑ ብዙ ግጥሚያዎች አሏት። በአንድ ቅዳሜ የሚታየው ግን ሁለት ቢበዛ ሦስት ነው። የትኛው ይታይ የሚለው የሚወሰነው በሙግት ነው። አንዱ ተነስቶ ግጥሚያ ያቀርባል፣ ሌላው ያጣጥልበታል፣ አቅራቢው ይከላከላል፣ ጀማው ይንጫጫል፣ በመጨረሻ እትዬ ትፈርዳለች። ሕጓ አንድ ብቻ ነው፤ ማንም ያልተቃወመው ግጥሚያ አይታይም። ምክንያቷን ጠይቄያት ነበር።

«ሰው ያልተጣላበትን ነገር ሰው ቁጭ ብሎ አያየውም» አለችኝ። «ከተጣሉበት ግን የረታው ሊኮራ፣ የተረታው ሊያላግጥ፣ ሁሉም እስከ መጨረሻው ይቀመጣል።»

ትወና መሆኑን የማያውቅ አልነበረም። ያ ክርክር እኔ ወደዚያ ቤት ከመግባቴ በፊት አልቋል። የቀረው ጥያቄ የትኛው ትወና ሰዓት ሊሰጠው ይገባል የሚለው ነው። የተፋላሚዎቹን የፈረንጅ ስም የሚጠራም አልነበረም። ግዙፉን «አምባሰል» ይሉታል፣ ተራራውን ስለሚመስል። አንዱ መላጣ ደግሞ «ሹፌሩ» ነው፣ የደሴ መስመር ሹፌር ስለሚመስል።

ከተሟጋቾቹ ሁሉ የሚጠበቁት ሁለት ነበሩ። አንደኛው መንገድ ዳር የብረት በርና መስኮት የሚሠራ በያጅ ነው። ሁለተኛው ከሐይቁ አስጋሪዎች ዓሣ እየተረከበ ለደሴ ሆቴሎች የሚያደርስ ነጋዴ ነው። እኩያ ናቸው፣ በአንድ ዴስክ ተቀምጠው ተምረዋል። የበያጁ አባት የትግራይ ሰው ነበር፤ የጭነት መኪና ሲነዳ ሐይቅ ላይ ትዳር ይዞ እዚያው ኖሮ እዚያው ሞተ። እናቱ የአምባሰል ሴት ናት። በያጁ የአባቱን ቋንቋ ከሰላምታ አልፎ አይችልም። ክርስቲያን ሆኖ ሳለ «ወላሂ» እያለ ሲምል ከሙስሊሙ ዓሣ ነጋዴ ይብሳል፣ እኛ አገር ይሄ የሚያስገርም አይደለም።

በያጁ ሁልጊዜ የሚያቀርበው አንድ ግጥሚያ ነበር። አምባሰልና ሹፌሩ፣ ያለ ብረት አጥር፣ ያለ መሰላል፣ ያለ ወንበር፣ ባዶ እጃቸውን የተጋጠሙት። ረጅም ነው። በመጨረሻም ሹፌሩ ይሸነፋል።

«የሚጥለውን አትዩ» ይላል በያጁ ተነስቶ። «መጣልማ ጉልበት ያለው ሁሉ ይጥላል። የሚወድቀውን እዩ። ከዚያ ሁሉ ከፍታ ወድቆ አንገቱን ያልቀጨ፣ ባላጋራውንም ግዙፍ ያስመሰለ፣ ባለሙያ ማለት እሱ ነው።»

«ብሎ ብሎ መውደቅንም ሙያ አደረገው!» ይላል ዓሣ ነጋዴው። «ጀማው ስማኝ፤ ይሄ ሰው በር ሲያሠሩት የሚወድቅ በር የሚሠራው ለካ ለዚህ ነው።»

«አንተ ዓሣ፣ ዓይንህ የለመደው መረብ ውስጥ የሚንፈራገጥ ነገር ነው። ያልተንፈራገጠ ሁሉ የሞተ ይመስልሃል።»

«ሞቷል እንጂ! ሁለት ሽማግሌ ሠርግ ላይ የተገናኙ ይመስል ሲተቃቀፉ ይውላሉ። ደም የለ፣ ቁጣ የለ። ኧረ አውፍ በለኝ፣ ይቅር በለኝ! እትዬ፣ ይሄ ግትርነት ካባቱ ነው የመጣበት። አምባሰል እንዲህ ያለ ሰው አያበቅልም።»

«የአምባሰል ሰው ዘፈን እንጂ ሙግት አያውቅማ። አንተን የምረታህ ባባቴ በኩል ነው።»

ቤቱ በሳቅ ይፈርሳል። እትዬም እየሳቀች ትፈርዳለች። በያጁ አንድ ቅዳሜ ያሸንፋል፣ አንድ ቅዳሜ ይሸነፋል። ግጥሚያው ሲታይም ዓሣ ነጋዴው ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው እያንኳሰሰ ያያል። ሹፌሩ ተንጋሎ ዳኛው መሬቱን ሲመታ ግን ቤቱ ሁሉ አብሮ ይቆጥራል፣ ከሁሉ ጮክ የሚለውም እሱ ነው።

የለውጡ ሰሞን ነበር። ውጭ፣ በየሻይ ቤቱ፣ ሰው ስለ መንግሥት ደፍሮ መናገር ጀምሯል፣ እኔም የጻፍኩት ሳይቆረጥ ይወጣል። ብዙ ሳይቆይ የውጩ ክርክር መራራ እየሆነ ሄደ። ከሻይ ቤት ተኳርፈው የወጡ ሰዎች ቪዲዮ ቤት ገብተው ስለ አምባሰልና ስለ ሹፌሩ ሲጯጯሁ አያለሁ። እዚያ ውስጥ የሚሰደብ ሰው ወዳጅ ነው። ለእንግዳ ሰው ግጥሚያውን የሚያጣጥልበት የለም። «ጥሩ ነው ወንድሜ» ይባልና ይታለፋል።

ጦርነቱ ትግራይ ውስጥ ሲጀመር ሩቅ ነበር። ቀርቦ ከቆቦና ከወልድያ በኩል ተፈናቃይ ሲጎርፍ ትምህርት ቤቶቹ ሞሉ። ሄጄ አነጋገርኳቸው። የሚነግሩኝ ከባድ ነበር፤ ከሌላ ሰው ጋር ያመሳከርኩት አብዛኛውም እውነት ሆኖ ተገኘ። ይህን የምጽፈው የከተማው ሰው ፍርሃት ከየት እንደመጣ እንዲታወቅ ነው። ፍርሃቱ ምክንያት ነበረው። ያረፈበት ሰው ግን ምክንያቱ አልነበረም።

ኬላ ላይ የበያጁን መታወቂያ ሁለት ጊዜ ያገላብጡት ጀመር። ስልኩን ወስደው አይተው መለሱለት። በር ያሠሩ ሰዎች የተጠናቀቀውን ሳይወስዱ ቀሩ። ሱቁ ፊት ለፊት የብረት በሮች ግድግዳ ተደግፈው ተደረደሩ። አንድ ቀን በዚያ ሳልፍ እንዴት ነህ ስለው «አብሽር» አለኝ። «የሐይቅ ሰው ያውቀኛል። ቅዳሜ እንገናኝ።»

ቅዳሜ ተገናኘን። ቤቱ ሙሉ ነበር፤ ከተፈናቃዮቹም ጥቂት ወጣቶች ከኋላ ቆመው ነበር። በያጁ እንደ ልማዱ ተነሳ።

«አምባሰልና ሹፌሩ» አለ። «ለምን እንደሆነ ታውቃላችሁ።»

 ሁላችንም ወደ ዓሣ ነጋዴው ዞርን። የሸሚዙን እጅጌ ይጠቀልላል፣ መልሶ ይፈታዋል።

«የሚቃወም?» አለች እትዬ።

ዝም።

«ኧረ የሚቃወም? ዛሬ ምላሳችሁን ድመት በላው?»

በያጁ ዓሣ ነጋዴውን እያየ ፈገግ አለ። «አንተ ዓሣ፣ ስማ እንጂ። ሁለቱ ሽማግሌዎች ናቸው እኮ።»

ዓሣ ነጋዴው ቀና ሳይል «ጥሩ ግጥሚያ ነው» አለ። «ይታይ።»

የበያጁ ፈገግታ ፊቱ ላይ እንዳለ ቀረ። እኔ እጄን አውጥቼ ግጥሚያው ረዘመ፣ አሰልቺ ነው አልኩ። በዚያ ቤት ስናገር የመጀመሪያዬ ነበር፣ ድምፄም ዜና የማነብ ዓይነት ሆነ። በያጁ ዞሮ «አንተ ደግሞ ከመቼ ወዲህ?» አለኝ፣ በደግነት። የሳቀ አልነበረም።

እትዬ ሪሞቱን አነሳች። በሕጓ መሠረት ግጥሚያው መቅረት ነበረበት። እንዲቀር ማድረግ ከበዳትና ከፈተችው። ከዚያ የከፋ ነገር ልታደርግበት እንደማትችል ያን ጊዜ የገባን አይመስለኝም። ሰው ሁሉ በጨዋነት ተቀምጦ አየ። የሚያላግጥ የለ፣ የሚያንኳስስ የለ። ግዙፉ መላጣውን አንስቶ ሲያፈርጠው የወንበሩ ሳንቃ እንኳ አልተንቋቋም። ዳኛው ተንበርክኮ መሬቱን መምታት ሲጀምር የተሰማው የቴሌቪዥኑ ድምፅ ብቻ ነው። በያጁ ቆጠራው ሳያልቅ ተነሳ፣ በሰዎች ጉልበት መካከል «ይቅርታ፣ ይቅርታ» እያለ አልፎ ወጣ። ሰዎቹም እግራቸውን ሰበሰቡለት። ድሮ ቢሆን ረግጦ ያልፋቸዋል፣ ይሰድቡታል።

በዚያው ሳምንት በያጁን ከሱቁ ወስደው አሰሩት። ሌሎችም የተወሰዱ ነበሩ። ኃላፊ ወደተባለው ሰው ሄጄ እንደ ሥራዬ ጠየቅሁ፤ በምን ተጠርጥሮ ነው? «ለራሱ ደኅንነት ነው» አለኝ። ከማን? «ጉዳዩ እየተጣራ ነው።» ሁለቱን መልሶች ጽፌ ላክሁ። አልወጣም።

ዓሣ ነጋዴው ያን ሰሞን መንገድ ላይ አግኝቶኝ ወደ ዳር ሳበኝ።

«እስቲ አንተ የተማርክ ሰው፣ ንገረኝ። እንደ ድሮው 'ካባትህ ነው' ብዬ ብሰድበው፣ ከኋላ የቆሙት ልጆች ከልቤ ይመስላቸውና ይነሱበታል። እሱም ከልቤ ይመስለዋል። ሌላ ስድብ ደግሞ አልመጣልህ አለኝ። ያረቢ፣ ስንት ዓመት የሰደብኩት ሰውዬ አንድ ስድብ አጣሁለት።»

«ሄደህ ጠየቅኸው?»

«ዳቦና ሻይ ይዤ ሄጄ ነበር። ዘበኛው 'ምንህ ነው?' አለኝ። 'ደንበኛዬ ነው' አልኩት። ዓሣ ይገዛኛል አልኩት። ዘበኛው ለደንበኛ ስንቅ አይገባም ብሎ መለሰኝ።»

 

ከዚያ የጦር ግንባሩ ከተማው ደረሰ። እስረኞቹን አስቀድመው ወደ ደቡብ ጭነዋቸው ነበር፤ ወዴት እንደሆነ ያኔ ማረጋገጥ አልቻልኩም። የከተማው ሰው እናቴን ጨምሮ የቻለው ሸሸ፣ ያልቻለው በር ዘግቶ ተቀመጠ። ተመልሰን ስንገባ የቪዲዮ ቤቱ ቴሌቪዥን ከነማንጠልጠያው ተነቅሎ ተወስዷል። ሳንቃዎቹ ለማገዶ ነደዋል። በሐይቁ ዳር ጀልባ ተሰባብሮ አየሁ። የበያጁ ሱቅ ተሰብሮ የብየዳ ማሽኑ የለም። ማን እንደወሰደው ጠይቄ ሦስት ሰው ሦስት ዓይነት መልስ ሰጠኝ፤ ስለዚህ አላውቅም።

እትዬ ትንሽ ቴሌቪዥን ተውሳ ቤቱን ከፈተች። ሰው መጣ። ክርክር ግን አልመጣም። አንዱ ግጥሚያ ያቀርባል፣ ሌላው «እሺ ይሁን» ይላል። እትዬ ሕጓን ተወችው፤ ብትይዘው ቤቱ ባዶ ስክሪን ሊያይ ነው። ሰዎቹ እርስ በርስ እንግዳ ሆነው ነበር። በዚያ ወራት ማን ምን እንዳደረገ ሁሉም ጥቂት ጥቂት ያውቃል፣ ስለዚህ ማንም ማንንም አያናድድም።

በያጁ የተመለሰው በክረምቱ ነው። ሥራ ላይ ሳለሁ እትዬ ደውላ «መጥቷል» አለችኝ፤ ወረድኩ። ሱቁ በር ላይ አይሱዙ አስቁሞ የተረፈውን ሲጭን አገኘሁት፤ ብረት መቆንጠጫው ሞርሳ፣ ጥቂት ላሜራ፣ ያልተወሰዱ በሮች። ከስቷል፣ ጺሙ ላይ ሽበት ገብቷል። ማን እንደያዘው፣ የት እንደነበር ጠየቅሁት። ያለ ቁጣ፣ ቦታውን ብቻ ነገረኝ። ቀሪውን «ተወው» አለ።

ዓሣ ነጋዴው ከመንገዱ ማዶ ቆሞ ሲያይ ቆይቶ ተሻገረ። ሰላምታ ተለዋወጡ፤ ስለ ጤና፣ ስለ ልጆች፣ ስለ እናት። ከዚያ ዓሣ ነጋዴው ጉሮሮውን ጠረገና ድምፁን ከፍ አደረገ።

«አንተ ብረት ቀጥቃጭ፣ ያ የሹፌሩ ግጥሚያህ ግን ቆሻሻ ነው! ያኔም ቆሻሻ ነበር! ሁለት ሽማግሌ ሲተቃቀፉ!»

በያጁ ገመድ እያሰረ ነበር። «ልክ ነህ» አለ። «አሰልቺ ነበር።»

«ምን ማለትህ ነው ልክ ነህ? የሚወድቀውን እዩ አላልክም? ባለሙያው እሱ ነው አላልክም?»

«ተሳስቼ ነበር። እስቲ ያንን ጫፍ ያዝልኝ።»

ዓሣ ነጋዴው የገመዱን ጫፍ ያዘ። በያጁ ጎትቶ አጠበቀና ቋጠረው። «ወላሂ ትከራከረኛለህ!» አለ ዓሣ ነጋዴው። «እንዲህ አትሂድብኝ። ስደበኝ በቃ። ዓሣ በለኝ።»

«ምን ብዬ እሰድብሃለሁ ወንድሜ» አለ በያጁ። «አንተ ምን አደረግኸኝ?»

ትከሻውን መታ አድርጎት ጋቢና ገባ። የአይሱዙው ሹፌር ሞተሩን ካስነሳ በኋላ በመስኮቱ ወደኔ ዘንበል ብሎ መንገዱ እስከ ኮምቦልቻ ሰላም መሆኑን ጠየቀኝ። ጠዋት የመጣሁበት ስለሆነ እስከ ደሴ ሰላም ነው፣ ከዚያ ወዲያ ያለውን አላየሁም አልኩት። አመስግኖኝ ሄዱ።

ዓሣ ነጋዴው አስፋልቱ መሃል ቆሞ ቀረ። ከኋላው የመጣ ባጃጅ ጥሩምባውን እየነፋ በጎኑ አለፈው። ዳር አወጣሁት። «ደንበኛዬ ነው ማለቴን ሰምቷል?» ብሎ ጠየቀኝ። እኔ አልነገርኩትም አልኩት። እውነት ነበር። ከዘበኛው ሰምቶ እንደሆነ ግን ላጣራለት የምችለው ነገር አልነበረም።