ቅዳሜ መሆኑን ማን ረሳ

ይህን ነገር እስከ ዛሬ ከአንድ ሰው ፊት በቀር ከአፌ አውጥቼው አላውቅም። ለሚስቴም፣ ለእናቴም፣ ለነፍስ አባቴም አልነገርኩም። ነፍስ አባቴ ዘንድማ በየጾሙ መግቢያ እየሄድኩ ጥቃቅኑን ኃጢአቴን ሁሉ ስዘረግፍ፣ ይቺን ብቻ ዘልዬ እመለሳለሁ። ዛሬ እናንተ ፊት ተቀመጥኩ፤ አታውቁኝም፣ አላውቃችሁም፣ የደፈርኩትም ለዚህ ይሆናል። አያችሁ? ገና ሳልጀምር ፈሪነቴን እየነገርኳችሁ ነው።

አንተነህ እባላለሁ። ደብረ ማርቆስ ውስጥ ባጃጅ እነዳለሁ። ሰዉ "የሽማግሌዎቹ ባጃጅ" ይለኛል፤ መሄድ ያቃታቸውን ሰዎች ከቤታቸው አንስቼ ቤተ ክርስቲያን፣ መስጊድ፣ ሐኪም ቤት፣ ለቅሶ ቤት አድርሼ እመልሳለሁና። እናቶች መንገድ ላይ ሲያዩኝ ቆመው ይመርቁኛል። "ዕድሜ ይስጥህ፣ ክፉ አይንካህ" ይሉኛል። እኔም ምን አባቴ ላድርግ፣ "አሜን" እላለሁ። ምርቃቱ ግን የኔ አይደለም። ሐሳቡ የኔ አልነበረማ! ሐሳቡን ያመጡትን ሰው ደግሞ በቁማቸው የቀበርኳቸው እኔው ነኝ።

እኒያ ሰው ጎረቤቴ ጋሽ ታከለ ናቸው። የአማኑኤል ከተማ ልጅ ናቸው፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ የጭነት መኪና ነድተዋል። የአባይ በረሃን ጠመዝማዛ በጉም ውስጥ ሲወርዱና ሲወጡ ኖረው፣ ኋላ ዓይናቸው ደከመ። ማንም "ይብቃዎት" ሳይላቸው አንድ ቀን መኪናውን ጥግ አስይዘው ቁልፉን አስረከቡ። ከዚያ ወዲህ ደጃቸው ላይ ወንበር አስወጥተው የሚያልፈውን መኪና ሁሉ በጆሯቸው ይሸኛሉ።

አንድ ቀን አስቆሙኝና፣ "ስማ አንተ ልጅ፣ እኛን ቤት ያስቀረን በሽታ እንዳይመስልህ" አሉኝ። "መሄጃ አጥተን ነው። ባጃጅ ላይ እስክወጣ ሹፌሩ ይነጫነጫል፣ እስክወርድ ከኋላ ያለው ጡሩምባ ይነፋል። የስንቱ ወዳጄ ቀብር ላይ ቀረሁ! እስቲ ለኛ የሚሆን ባጃጅ እናብጅ።"

አበጀን። መርገጫው ለደካማ ጉልበት ከፍ ይላልና ከሥሩ ሌላ ጣውላ አስገጠምን። ለእጅ መያዣ ጠፍር አሰርን። ንፋስ እንዳይገባ ጎንና ጎኑን በላስቲክ ጋረድን፣ መቀመጫው ላይ ያረጀ ጋቢ አነጠፍን። ጋሽ ታከለ ራሳቸው እየወጡ እየወረዱ ሞከሩት፤ "እዚህ ጋ ጉልበት ይመታል፣ ዝቅ አድርገው" እያሉ አናጢውን አሰለቹት። የኮብልስቶኑን መንገድ እንዴት ቀስ ብዬ እንደማልፍ ያስተማሩኝም እሳቸው ናቸው። ከሁሉ በላይ ግን አንድ ሕግ አወጡ፤ አውርዶ መሄድ የለም። ሽማግሌውን እጁን ይዘህ ታስገባለህ፣ ጉዳዩን እስኪጨርስ ደጅ ላይ ትጠብቃለህ፣ እጁን ይዘህ ትመልሳለህ። "ወጣት መጓጓዣ ነው የሚፈልገው" ይሉ ነበር። "ሽማግሌ ግን የሚጠብቀው ሰው ነው የሚፈልግ።"

ሥራው እንዲህ ተከፋፈለ። ሰዎቹ ወይም ልጆቻቸው ለጋሽ ታከለ ይደውላሉ። እሳቸው የነገውን ሁሉ በቃላቸው ይዘው ማታ ለኔ ይደውላሉ። ማን በየት በኩል እንደሚነሳ፣ የማን ጆሮ እንደማይሰማ፣ የሰፈራችን ሐጂ ለጁምዓ ስንት ሰዓት መድረስ እንደሚፈልጉ፣ አንዱ አያመልጣቸውም ነበር። ወረቀት የለ፣ ምን የለ። ከወንበራቸው ሳይነሱ እንደገና ሾፌር ሆኑ። ፊታቸው በራ። ባለቤታቸው እትዬ ሙሉ "ሰውዬዬ ተመለሰልኝ" ስትል ሰምቻታለሁ። ይህን ነው የነጠቅኳቸው። ልብ በሉልኝ፣ ይህን ነው።

ጊዜው ፍልሰታ ነበር። ታውቁታላችሁ፣ በፍልሰታ በአዘቦት ቀን ቅዳሴ የሚገባው ቀትር ላይ ነው፤ ሲወጣ ከሰዓት ይሆናል። ቅዳሜና እሁድ ግን በጠዋት ገብቶ በጠዋት ይወጣል። ያን ሰሞን እማማ የሺ የሚባሉ አሮጊትን በየቀኑ ቅዳሴ አደርስና እመልስ ነበር። በዱላ የሚሄዱ፣ ከልጃቸው ከብርቱካን ጋር የሚኖሩ፣ ከባጃጅ ሲወርዱ ግንባሬን ሳይስሙ የማይገቡ ሴት። ቅዳሜ ሊቆርቡ ነበር። አርብ ማታ ጋሽ ታከለ ደወሉልኝ። ነገ ቅዳሜ መሆኑን ነገሩኝ። ቅዳሴው በጠዋት እንደሚወጣ ነገሩኝ። ከደጁ እንዳልርቅ ነገሩኝ። ሁሉን ነገሩኝ፣ ሁሉን ሰማሁ።

ቅዳሜ ጎህ ሲቀድ እማማ የሺን አደረስኩ። እጃቸውን ይዤ አስገባሁ። ከዚያ መጠበቅ ነበረብኝ፤ ጥቂት ጠበቅሁም። ግን ቅዳሜ የገበያ ቀን ነው። ከደጀ ሰላሙ ፊት ለፊት ሰው በርበሬውን በጆንያ ተሸክሞ "ባጃጅ! ባጃጅ!" ይላል። እኔ ቁጭ ብዬ ማየት አቃተኝ። አንድ ጊዜ መናኸሪያ አድርሼ እመለሳለሁ አልኩ። ከመናኸሪያ ደግሞ ወደ ገበያ የሚመለስ ተገኘ። ልቤ እያወቀው ሄድኩ፤ ጥሎ መሄድ ምን እንደሆነ እያወቅሁ ጥያቸው ሄድኩ።

መንገድ ላይ ስልኬ ጠራ። ጋሽ ታከለ ናቸው። ለምን እንደደወሉ አወቅሁ፤ "ደጁ ላይ ነህ?" ሊሉኝ ነው። ምን ልበላቸው? ጠርቶ ጠርቶ ዘጋ። አላነሳሁትም።

ከዚያ የነሐሴ ዝናብ መጣ። እማማ የሺ ቆርበው፣ አፋቸውን በነጠላ ሸፍነው ወጡና ደጀ ሰላሙ ሥር ቆሙ። አብረዋቸው የነበሩት ሴቶች ኋላ እንደነገሩን፣ እማማ የሺ "ልጁ አንድ ነገር ሳይሆን አይቀርም፣ እንዲህ አያደርግም ነበር" እያሉ ለኔ ተጨነቁ። ለኔ! ቢያዩኝ ቢያጡኝ በዱላቸው ቁልቁለቱን ጀመሩት። ጭቃው አዳለጣቸው፣ ከቦዩ ጠርዝ ላይ ወደቁ። ዳሌያቸው ተሰበረ፣ ከንፈራቸው ተሰነጠቀ። እናንተ የቆረበ ሰው ደም ሲፈሰው ምን ማለት እንደሆነ ታውቃላችሁ። ለአጥንታቸው አላለቀሱም። በነጠላቸው አፋቸውን አፍነው፣ ጠብታ መሬት እንዳይነካ እየታገሉ፣ "ሥጋ ወደሙን ተቀብዬ! ዛሬ! ዛሬ!" እያሉ አለቀሱ። ነጠላውን ከነደሙ ለቄስ ስጡልኝ አሉ። እኔ ይህን ሁሉ የሰማሁት ከመናኸሪያ ስመለስ ነው።

ሐኪም ቤት ደረስኩ። ግቢው ውስጥ ብርቱካን አለች፣ ጎረቤት አለ፣ ጋሽ ታከለም በእትዬ ሙሉ ትከሻ ተደግፈው መጥተዋል። ብርቱካን ስታየኝ፣ "የት ነበርክ?" አለች። ሁሉም ዞሮ አየኝ። የበርበሬው ጆንያ ሽታ ልብሴ ላይ ነበር፤ የሚሸታቸው መስሎኝ ወደ ኋላ ሸሸሁ። ያኔ እውነቱን ብናገር ምን ይመጣ ነበር? ትሰድበኝ ነበር። ባጃጄን ይቀሙኝ ነበር ይሆናል። ከዚያስ? ሌላ ምን? ግን አፌ ከኔ ቀደመ።

"ጋሽ ታከለ እንደ ትናንቱ ከሰዓት ነው የሚወጡት ብለውኝ ነው" አልኩ።

ጋሽ ታከለ ፊታቸውን ወደ ድምፄ መለሱ። ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ፤ ቀኑን በጣታቸው መቁጠር ጀመሩ። "እኔ... ቅዳሜ መሆኑን ረስቼ... እንዲያ አልኩህ?"

"አዎ ጋሼ።"

"ጠዋትስ ደውዬልህ አልነበር? የደወልኩ መስሎኝ..."

"አልደወሉም ጋሼ።"

ተናገርኩት። ዓይኔን ሳላሽ ተናገርኩት። ከሰው ፊት፣ ለማያይ ሰው፣ ሁለት ጊዜ። እማማ የሺን ጥዬ መሄዴ ስስት ነበር፤ ስስት በሰው ይደርሳል። ይህ ግን ምን ይባላል? የሰው ራስ ውስጥ ገብቶ መብራቱን ማጥፋት ምን ይባላል? ስሙን የሚያውቅ ይንገረኝ። ማንም አላጣራም። ማን ያጣራል? እኔ ወጣት ነኝ፣ እሳቸው ሽማግሌ ናቸው። ብርቱካን እንኳ ቁጣዋ በረደላትና "እርጅና ነው፣ ምን ይደረግ" አለች። እማማ የሺ ከአልጋቸው ላይ ሆነው፣ "ታከለን ማንም ክፉ እንዳይናገረው፣ ሰው ይረሳል" ብለው ላኩባቸው። ይቅርታው እንኳ ለተሳሳተ ሰው ደረሰ። እማማ የሺ ዳግመኛ በእግራቸው ሳይሄዱ ሞቱ፤ ቀብራቸው ላይ የእኔ ባጃጅ ሽማግሌዎችን ሲያመላልስ ዋለ።

እማማ የሺ በወደቁ በሦስተኛው ቀን ጋሽ ታከለ አስጠርተውኝ ነበር። ስልካቸውን እጄ ላይ አስቀመጡ። "ከእንግዲህ አንተ ያዘው። የሰው ነገር በኔ ጭንቅላት አይታመንም" አሉኝ። ያን ጊዜም መናገር እችል ነበር። ስልኩን ተቀበልኩ። አያችሁ፣ አንድ ጊዜ ብቻ ያጠፋሁ እንዳይመስላችሁ፤ ከዚያ ወዲህ ዝም ባልኩ ቁጥር እንደ አዲስ አጥፍቻለሁ።

ሥራው አደገ። ሌሎች ባጃጆችም ጣውላ አስገጠሙ። የቀበሌ ስብሰባ ላይ ጠርተውኝ ሐሳቡ እንዴት እንደመጣልኝ ተናገር አሉኝ፤ ተናገርኩ፣ ተጨበጨበልኝ። እኔ ግን ሰላም የለኝም። ስልክ ሲጠራ እበረግጋለሁ። ከቤት ስወጣ ሚስቴን "ዛሬ ቀኑ ማነው?" እላታለሁ፤ ጫማዬን አስሬ ስጨርስ እንደገና እጠይቃታለሁ። "አንተ ሰውዬ ጤና የለህም እንዴ?" ትለኛለች። ደጀ ሰላም ላይ ስጠብቅ ለሽንት እንኳ አልንቀሳቀስም። ደመና ሲጠቁር ባጃጁን ከደጀ ሰላሙ ሥር አስጠግቼ አቆማለሁ።

ጋሽ ታከለስ? ያን ቀን ቀኑን በጣታቸው መቁጠር እንደጀመሩ ቀሩ። መጀመሪያ ራሳቸውን መጠራጠር ጀመሩ፤ "ሙሉ፣ በልቻለሁ? ሙሉ፣ በሩን ዘግቻለሁ?" ይሉ ነበር፤ በልተዋል፣ ዘግተዋልም። ቀስ በቀስ ግን በእውነት መርሳት መጣ። አሁን ቀኑን ይጠይቃሉ፣ ይመለስላቸዋል፣ ይጠይቃሉ። ዕድሜ ነው? እኔ ነኝ? ሐኪም ብጠይቅ ዕድሜ ነው ይለኛል። እኔ ግን መጀመሪያ የተጠየቀውን ጥያቄ ሰምቻለሁ፤ የመለስኩትም እኔ ነኝ።

ዘንድሮ ፍልሰታ ሲቃረብ አልቻልኩም። ሄድኩ። ደጃቸው ላይ ተቀምጠዋል። እግራቸው ሥር ተንበርክኬ ሁሉን ነገርኳቸው፤ በርበሬውን፣ መናኸሪያውን፣ ያላነሳሁትን ስልክ፣ "አዎ ጋሼ" ያልኩትን። እያለቀስኩ ነው የነገርኳቸው። በጥሞና ሰሙኝ፤ ያን ዕለት ደህና ነበሩ። ከዚያ እጃቸው ፀጉሬን ፈልጎ አገኘ።

"አይ አንተነህ" አሉኝ ፈገግ ብለው። "ደግ ልጅ እንደሆንክ አውቃለሁ። የኔን ጥፋት ልትሸከምልኝ መጣህ? አይሆንም ልጄ። እኔ ነኝ የረሳሁት። ያችን ምስኪን ሴት የሰበርኳት እኔ ነኝ።"

ማልኩ። በልጆቼ ማልኩ። ራሳቸውን ነቀነቁ። እትዬ ሙሉ እስከ መንገዱ ሸኘችኝና፣ "እግዜር ያክብርህ፣ እንዲህ ብለህ ልታጽናናው መምጣትህ" አለችኝ። መርቃ መለሰችኝ።

አሁን ነፍስ አባቴ ዘንድ ልሂድ? ቀኖና ይሰጡኛል፣ እሰግዳለሁ፣ "እግዚአብሔር ይፍታህ" ይሉኛል። እኔ ተፈትቼ እሳቸው ታስረው ሊቀሩ? አልፈልግም። "ወጣት ነበርክ፣ ደንግጠህ ነው" አትበሉኝ። ይቅር በሉኝም አልላችሁም፤ የናንተ አይደለም። አንድ ነገር ብቻ ላስቸግራችሁ። በሰፈራችን ስታልፉ ደጃፉ ላይ ተቀምጠው መኪና የሚያዳምጡ ሽማግሌ ብታዩ፣ ቆም በሉና ንገሯቸው። እኔን እንቢ ብለውኛል፤ ምናልባት ከሰው ቢሰሙት ያምኑ ይሆናል። አርብ ማታ በስልክ ያሉኝ ቃል ይኸው፦ "አንተነህ፣ ነገ ቅዳሜ ነው፤ ቅዳሴው በጠዋት ይወጣል። እማማ የሺ ሊቆርቡ ነው፣ ከደጁ እንዳትነቃነቅ። ሰማኸኝ?"

ሰምቻለሁ ጋሼ።