በሬሳን የተሻገረው ሰፌድ

ባለፈው ቅዳሜ የልጅ ልጄ ናሆም አዲስ የተገዛለትን ቢጫ የፕላስቲክ ዲስክ ግቢ ውስጥ ሲወረውር ውሎ የአበባ ማሰሮዬን ሰበረና ጥፋቱን በሙሉ በዲስኩ ላይ ላከከ። ቀጥ አድርጎ ቢወረውረውም መጨረሻው ላይ ወደ ግራ እየታጠፈ እንደሚያስቸግረው በምሬት ነገረኝ። እስቲ ልየው ብዬ ተቀበልኩት፤ ገልብጬም ወደ ታች የታጠፈውን ጠርዝ በአውራ ጣቴ ዙሪያውን ዳሰስኩት። ጣቴ ያንን ጠርዝ ሲነካ ናሆምንም ማሰሮውንም ረሳሁና ደብረ ብርሃን፣ በሬሳ ወንዝ ዳር፣ የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ሆኜ ቆምኩ።

ዘመኑ የደርግ ነው። ዘይት ከቀበሌ ሱቅ ተሰልፈን እናመጣለን፣ ዘይቱ ሲያልቅ ደግሞ ቆርቆሮውን ማን ይውሰድ በሚል በየቤቱ ጠብ ይነሳል፤ ምክንያቱም የቆርቆሮው ክዳን በቢላ ተቆርጦ ሲወጣ የእኛ መጫወቻ ነው። ክረምት ገብቶ በሬሳ ሲሞላ የወዲህ ሰፈር ልጆች በወዲህ ዳር፣ የወዲያ ሰፈር ልጆች በወዲያ ዳር እንሰለፍና ክዳን ወንዝ እናሻግራለን። ሕጉ አጭር ነበር፦ የተሻገረ የያዘው ሰው ነው፣ ያልተሻገረ የበሬሳ ነው።

የእኛ ሁሉ የበሬሳ ሆነ። ክዳናችን ዝርግ ነበርና ከእጃችን ሲወጣ እንደ ጥይት ይሄዳል፣ ወንዙ መሃል ሲደርስ ፊቱን ቀና ያደርጋል፣ ቀና ሲል ነፋሱ ከሥሩ ይገባል፣ ከዚያ ወደ ግራ ይጋደምና በጎኑ ጭልጥ ብሎ ይሰምጣል። የወዲያዎቹ አለቃ ጌታሁን ግን የዱቄት ወተት ጣሳ ክዳን ነበረው፣ ዙሪያውን ወደ ታች የታጠፈ። የእሱ ክዳን አይቸኩልም፤ ተደላድሎ ይመጣና እግራችን ሥር ያርፋል፣ እኛ ደግሞ በእልህ መልሰን ስንወረውረው ይሻገራልና በገዛ ክዳኑ ካልሆነ አትችሉም እያሉ ይስቁብናል። ከእኛ ወገን ብልህ ነኝ ባዩ ወንድሜ ምስጢሩ ወተቱ ነው ብሎ የእናቴን ወተት ሰርቆ ቆርቆሮውን ሁለት ጊዜ ቀባው። ወተት የጠጣው ቆርቆሮ እንደ ጾመኛው ሁሉ ሰመጠ፣ ወንድሜም በአርጩሜ ተገረፈ።

በዚያው ክረምት የመጀመሪያ ሰፌዴን እሰፋ ነበር። በእኛ ቤት ወግ የሴት ልጅ የመጀመሪያ ሰፌድ ለክርስትና እናቷ ይሰጣል፣ እሳቸውም ምስር አበጥረውበት ባለሙያ ናት ወይም አይደለችም ብለው ይፈርዳሉ። የእኔ ክርስትና እናት እትዬ ወርቄ የመሪጌታ ሚስት ነበሩ፤ ፍርዳቸው በአንድ ቀን ሰፈሩን ያዳርሳል፣ እናቴም ከእኔ በላይ ትፈራቸው ነበር። ለመስቀል እንዳደርስ ቀን ተቆርጦብኛል።

ግማሽ ላይ ስደርስ አንድ ቀን ሰፌዱ ከእጄ አምልጦ በአፉ ተደፍቶ ወደቀ፣ ወደቀ ማለት እንኳን አይቻልም፣ ቀስ ብሎ ተንሳፍፎ መሬት ላይ ተቀመጠ። ከዚያች ቀን ወዲያ እጄ የሚሰፋው ሌላ፣ ልቤ የሚያስበው ሌላ ሆነ። የመጨረሻዎቹን ዙሮች እያጠበብኩ ወደ ታች አጠፍኳቸው። ቀላል ስለሆነ ነፋስ እንዳይጫወትበት ከአባቴ ጠፍር አልጋ አንድ ጠፍር ፈትቼ፣ በውኃ አርሼ፣ ዳሩን ዙሪያውን ከስንደዶው ጋር አብሬ ሰፋሁት። ሲደርቅ ክብደቱ በሙሉ ጠርዙ ላይ ሆነ። አባቴ አልጋው በአንድ ወገን ሲሰረጉድበት እርጅና መጣ ብሎ ተከዘ፤ እናቴ ደግሞ፣ «ጠርዙ ምነው እንዲህ ወፈረ?» ብትለኝ፣ «ቶሎ እንዳያልቅ ነው» አልኳት።

የመስቀል ዋዜማ ሁለቱ ሰፈሮች ተሰለፉ። ሰፌዱን ደፍቼ ጠርዙን ጨበጥኩና ወገቤን አዙሬ ለቀቅኩት። ዞረ፣ ተደላደለ፣ የደብረ ብርሃን ነፋስ እንኳን ሊገለብጠው ሞክሮ ተወው። ወንዙ መሃል ሲያልፍ የእኛ ሰፈር በሙሉ ጮኸ፣ እኔ ግን የዚያን ጊዜ ነው ሕጉ ትዝ ያለኝ። ባይሻገር የበሬሳ ነው፤ ከተሻገረ ደግሞ የጌታሁን ነው። ነገ ለእትዬ ወርቄ ይዤ የምሄደው ባዶ እጄን ነው። በሕይወቴ እንደዚያ ደስ ብሎኝ እንደዚያ የደነገጥኩበት ሌላ ቀን የለም።

ጌታሁን በሁለት እጁ ቀለበው። ጓደኞቹ የራሳችን ሆነ እያሉ ሲጨፍሩ እሱ ገለበጠውና ጠርዙን በአውራ ጣቱ ዙሪያውን ዳሰሰ።

«ምን ከተሽበት?» አለኝ ከማዶ እየጮኸ።

«ጠፍር።»

ራሱን ነቀነቀና ወገቡን አዙሮ መለሰልኝ። ማስቀረት ሲችል ለእኔ አዝኖ ይሁን ወይም ሲበር ለማየት ጓጉቶ እስከ ዛሬ አላውቅም፤ ሰፌዱ ግን ተመልሶ እጄ ላይ አረፈ።

በማግስቱ እትዬ ወርቄ ምስር አፍስሰው ቢያነሱት ቢጥሉት ሰፌዱ አሸዋ እንደያዘ ጆንያ ከበዳቸው፣ ገለባውም የጎበጠው ወለሉ ላይ ተጣብቆ አልወጣ አለ። ገልብጠው ጠርዙን አዩና አፍጥጠው ተመለከቱኝ። እየተንተባተብኩ እውነቱን ተናገርኩ። ተነሱ፣ ወደ ጓሮ ወጡ፣ ነጠላቸውን አደገደጉና ወረወሩት። ጎመኑን አልፎ፣ አጥሩን አልፎ፣ ጎረቤት ግቢ ገባ። እትዬ ወርቄ ሲስቁ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

«ሰፌድ አይደለም» አሉ እንባቸውን እየጠረጉ። «ሙያ ግን ነው። ሂጂ አምጪውና ሌላ ትሰፊልኛለሽ።»

ሌላ ሰፋሁላቸው። የሚበረውን ግን እስኪያርፉ ድረስ ግድግዳቸው ላይ ሰቅለውት ኖረው በኑዛዜ ለእኔ ደረሰኝ፤ አሁን ጠፍሩን አይጥ በልቶታል፣ ቢወረወርም አይበርም። ወንዙም ዛሬ በክረምት እንኳን ያኔ የማውቀውን ያህል አይሰፋብኝም። ጌታሁን በአሥራ ስምንት ዓመቱ ለብሔራዊ ውትድርና ወደ ሰሜን ሄደ፣ ሰፌዴን የመለሰልኝ ልጅ እሱ ራሱ ሳይመለስ ቀረ።

ናሆምን ወደ አጥሩ ጥግ ሂድ አልኩት። ግራው እንዲካካስ ዲስኩን ትንሽ ወደ ቀኝ አጋደምኩና የቀረኝን ወገብ አዙሬ ለቀቅኩት። ቀጥ ብሎ ሄዶ እጁ ገባ። ልጁ አፉን ከፍቶ አንዴ እኔን አንዴ ዲስኩን ሲያይ፣ «መልስልኝ» አልኩት። በመካከላችን አሥራ አምስት እርምጃ ቢሆን ነው፤ እኔ ግን የጮህኩት ወንዝ ሞልቶበት ወደ ማዶ እንደሚጮህ ሰው ነበር።