የእማዬ ትርፍ ማድ ቤት

ስለ ስደት የጻፈ ሰው ሁሉ «በጨለማ ወጣሁ» ይላል። እኔና እማዬ የወጣነው በጠራራ ፀሐይ፣ በምሳ ሰዓት ነው። ምን ይደረግ፣ ማታማ ሰዓት እላፊ አለ፤ አብዮቱ በሌሊት መሰደድን ከልክሏል። ከመካኒሳ አቦ ዝቅ ብሎ ካለው ቤታችን ነጠላችንን አዘቅዝቀን፣ ዘንቢል አንጠልጥለን፣ ለቅሶ ደራሽ መስለን ወጣን። አባባ በር ላይ ቆሞ፣ ጎረቤት እንዲሰማ ጮክ ብሎ፣ «እግዜር ያጥናችሁ በሉልኝ!» አለ። ማን እንደሞተ እንኳ አልተስማማንም ነበር።

እሱ ቀረ። ባዶ የተገኘ ቤት የቀበሌ ነውና አንድ ሰው መቀመጥ ነበረበት።

ነገሩ ሁሉ የመጣው ከማድ ቤታችን ነው። እናንተ የመካኒሳ ልጆች ታውቁታላችሁ፣ ጭሱ እዚያው እንዲቀር ጓሮ ለብቻው የተሠራውን። እማዬ ቆጮ እየጋገረች ለፋብሪካ ሠራተኞች ትሸጥ ስለነበር፣ አባባ ደንበኛ ሳሎኑን እንዳይረግጥ ብሎ በመንገዱ በኩል በር አወጣለት። ብልህ ሰው! ትርፍ ቤት ሲወረስ የቀበሌው ሊቀመንበር ያንን በር አንኳኩ።

«ሁለተኛው ቤታችሁ ይሄ ነው?»

«ጓድ ሊቀመንበር፣ ያለበት እኮ ምጣድና ጉልቻ ነው» አለ አባባ።

«የራሱ በር አለው?»

«አለው።»

«በቃ ቤት ነዋ!»

ተከራይ አስገቡበት። እማዬ ስብሰባ ላይ እጇን አውጥታ፣ «ማድ ቤት ወጥ ይሠራበታል እንጂ ሶሻሊዝም አይገነባበትም» አለች። ሰው ሁሉ ጣሪያ ጣሪያውን አየ። በማግስቱ አንድ የሚያዝንልን የቀበሌ ሰው፣ «እትዬ፣ ራቅ ያለ ዘመድ ቢጠይቁ ይሻልዎታል» ብሎ ሹክ አላት።

የሞያሌን መንገድ ዘልዬዋለሁ። ደራሲ ነኝ፣ መዝለል እችላለሁ። እማዬም ካነበበችው እንደገና ያማታል።

ናይሮቢ ብርዱ ቁርጥ የእኛ ክረምት ነው፣ ዝናቡን ግን ረስቶታል። ኡጋሊ የሚሉት ምግብ አላቸው፦ ገንፎ ሆኖ መሀሉ ላይ ቅቤና በርበሬ የሌለበት፣ ማለት ገንፎ ያልሆነ ገንፎ። የመጀመሪያው አከራያችን እማዬ በርበሬ የቆላች ቀን እያስነጠሱ መጡ።

«ስንት ናችሁ?»

«ሁለት» አልኩ በትምህርት ቤት እንግሊዝኛዬ።

«ጭሳችሁ ግን የሃያ ሰው ነው። ውጡልኝ!»

ሜዳ ላይ ቀረን። ስደተኛ የሚረዱ መነኩሲት ናቸው ያዳኑን። አንድ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የከተማ ቤትና መሬት የሚያጠና ማዕከል ነበር፤ ከአፈር ጡብ የናሙና ቤት ሠርቶ፣ ለአንድ ዓመት በነጻ እየኖረበት የሚጠና ቤተሰብ ይፈልጋል አሉን። አስቡት! መካኒሳ ማድ ቤታችን ተወረሰ፣ ናይሮቢ ደግሞ ቤት ኑሩልን ተብለን ተለመንን።

ቤቱ ወለሉ ያበራል። ችግሩ ምድጃው አልጋው ራስጌ ነው። «ሽንኩርት ታቅፌ ልተኛ?» አለች እማዬ። ሁለት ሳምንት ቻለች። ከዚያ የተረፈ ጡብና የወደቀ ቆርቆሮ ለቅማ ጓሮ ማድ ቤት ቀለሰች። በመንገዱ በኩል ግን በር አላወጣችለትም። ተምራለቻ!

አንድ ጠዋት የማዕከሉ ዶክተር፣ ረጅም፣ ፈገግተኛ ሴት፣ ሜትር ይዘው ጓሮ ብቅ አሉ። እማዬ ሜትሩን ስታይ ፊቷ አመድ መሰለ።

«የፍየል ቤት ነው በያቸው።»

አልኳቸው።

«ፍየሏ የታለች?»

«ወጣ ብላለች በያቸው።»

አልኳቸው፤ ምን ላድርግ፣ አስተርጓሚ ነኝ። ዶክተሯ ጎንበስ ብለው ገቡ። ፍየሏ ጎመን ጥዳ ሄዳለች። እኔ በልቤ ዘንቢላችንን መሸከፍ ጀምሬያለሁ። እሳቸው ግን ቁመቱን ለኩ፣ ወርዱን ለኩ፣ አንድ ጉርሻ ጎመን ቀመሱና ወጡ።

«አታፍርሱት። ሥራችን ሰው ቤቱን ምን እንደሚያደርገው ማየት ነው።»

ተረጎምኩላት። እማዬ ግን ሜትሩን ታያለች።

«ጠይቂያቸው» አለችኝ ቀስ ብላ፣ «ታዲያ ማንን ነው የሚያስገቡበት?»

ዶክተሯ ግራ ተጋቡ። «ማንን እናስገባለን? የእናንተ ነው እኮ።»

እማዬ እዚያው ጡቡ ላይ ተቀመጠችና በነጠላዋ ፊቷን ሸፈነች። ከሞያሌ ጀምሮ ስታለቅስ ያየኋት ያን ቀን ብቻ ነው።

ማልቀሷን ጨርሳ፣ የስልክ ቀጠሯችን ሲደርስ ለአባባ እንንገረው አለች። አባባ በቀጠሮው ቀን፣ አቦ አጠገብ ካለው ሱቅ ስልክ ያነሳል፤ ደንበኛ ሁሉ አብሮ ያዳምጣል።

«አባባ፣ እማዬ ማድ ቤት ሠራች!»

«ዝም በይ! በስልክ ስለ ማድ ቤት አይወራም።» ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «በመንገዱ በኩል በር አለው?»

«የለውም።»

«ጎበዝ።»

ሳቅኩ። እሱም የሳቀ መሰለኝ። ያኔ ደፈርኩ። «አንተም ና በቃ። ቦታ ሞልቷል፣ ግማሹ ቤት እኮ ባዶ ነው።»

«ባዶ አይባልም!» ድንጋጤው መስመሩን አቋርጦ ጆሮዬ ውስጥ ገባ። «ማንም ቢጠይቅሽ ባዶ ነው እንዳትይ፣ የኔ ልጅ። ሰው አለበት በይ።»

«ሰው አለበት» አልኩት።

«እንዲያ ነው» አለ። «እኔም ቤቱን ትቼ ነው የመጣሁት፣ ልመለስ» ብሎ ዘጋው።